ቦታው ያልተነሣበት ድርድር

ኤሪስ በአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሜዮ አውራጃ የሚገኝ፣ ሕዝቡ የሳሳ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ሰዉ ከብትና በግ ያረባል፣ ሸርጣንና ዓሣ ያጠምዳል፣ ልጆቹን ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ስደት ይሸኛል። የአየርላንድ ቋንቋ ዛሬም የሚነገርባቸው መንደሮች አሉት። መሬቱ በአብዛኛው ፒት ነው፤ ለሺህ ዓመታት በስብሶ ከተከማቸ ሣርና ሥር የተሠራ፣ ተቆርጦ ሲደርቅ እንደ ኩበት ምድጃ ላይ የሚነድ፣ እርጥብ ሳለ ግን ውሃ አዝሎ ከተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ጥቁር አፈር።

ከዚህ ዳርቻ 83 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 350 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ወለል ሥር፣ ኢንተርፕራይዝ ኦይል የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ1996 የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኮሪብ የሚል ስም የወጣለት ይህ ጋዝ ለሸማቹ መድረስ የጀመረው በ2015 ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በመካከሉ 19 ዓመት አለፈ፤ አምስት ሰዎች ታሰሩ፣ ሌሎችም ተከተሏቸው፣ መንደር ከመንደር ተለያየ፣ መጀመሪያ 800 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ተገምቶ የነበረው ወጪ ከ3 ቢሊዮን በላይ ወጣ።

ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው እልኸኛ ገበሬዎች ከእልኸኛ ኩባንያ ጋር የተላተሙበት አድርጎ ይወስደዋል። የዕቅድ ፈቃድ ውሳኔዎቹን፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዞቹን፣ የሸምጋዩንና የደኅንነት መርማሪዎቹን ሪፖርቶች በየዘመናቸው ደርድሮ ላነበበ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። ኩባንያው እየዋለ እያደረ ስለ ቧንቧው ግፊት፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ መንደሩ ልማት ለመነጋገር ፈቅዷል። ጋዙ የሚጣራበትን ቦታ ግን ለድርድር አላቀረበም። ነዋሪው የተጣላው ደግሞ ከሁሉ በፊት በዚያ በቦታው ነበር።

ቦታው እንዴት ተመረጠ? ከባሕር የሚወጣ ጋዝ ውሃና ሌላም ባዕድ ነገር ስለሚኖርበት መጣራት አለበት። ይህን ባሕር ላይ በሚተከል መድረክ መሥራት ይቻላል፤ ወይም ጥሬውን ጋዝ በቧንቧ ወደ የብስ ስቦ እዚያ ማጣራት። ኢንተርፕራይዝ ኦይል ሁለተኛውን መረጠ፤ የመድረኩ ወጪ ከባድ ነበርና። ማጣሪያውን ደግሞ ባሕሩ ዳር አላደረገውም፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶ ቤላናቦይ ላይ አደረገው። ቤላናቦይ የመንግሥቱ የደን ድርጅት የኮይልቸ ይዞታ ነበር። አንድ ሰፊ መሬት፣ አንድ ሻጭ። ለገዢ የሚያመች ነገር ነው። ነገር ግን ከባሕሩ እስከ ቤላናቦይ ያለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሰው እርሻና ደጃፍ ነው፤ ጥሬ ጋዝ የሚሸከመው ቧንቧ በሮስፖርት መንደር ከመኖሪያ ቤቶች 70 ሜትር ያህል ርቀት ላይ እንዲያልፍ ተነደፈ። ነዋሪው ዕቅዱን በወጉ የሰማው ከ2000 ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ቦታው ተመርጦ አልቋል።

እዚህ ላይ የሕጉን ሁኔታ ማወቅ ያሻል፤ ብዙው ጥፋት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። በአየርላንድ ሕግ ማጣሪያው ሕንፃ ስለሆነ ከአውራጃው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ቅር ያለው ሰውም አን ቦርድ ፕላናላ ይባል ለነበረው የአገሪቱ የዕቅድ ይግባኝ ቦርድ ማመልከት ይችል ነበር። ቧንቧው ግን በሚኒስትር ፊርማ ብቻ የሚፈቀድ ነበር። ማለትም ሕዝቡን እንቅልፍ የነሳው ነገር ሕዝብ በአደባባይ የሚጠይቅበት ችሎት አልነበረውም። በ2002 የባሕርና የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትሩ ፍራንክ ፌሂ ለቧንቧው ፈቃድ ሰጡ፤ ባለመሬቶቹ ባይስማሙም ኩባንያው መሬታቸው ላይ ገብቶ ቧንቧ እንዲቀብር የሚያስችሉ የግዳጅ ትዕዛዞችንም ፈረሙ። እንዲህ ያለው ሥልጣን ከዚያ በፊት የሚያገለግለው ለመንግሥቱ ጋዝ ድርጅት ነበር። በ2000 የወጣ የሕግ ማሻሻያ ነው ለግል ኩባንያ በር የከፈተው፤ ኮሪብም በዚያ በር የገባ የመጀመሪያው ሆነ።

አብዛኞቹ ባለመሬቶች ካሳቸውን ተቀብለው ፈረሙ። ጥቂቶች እምቢ አሉ። ኩባንያው እምቢ ያሉትን ቁጥር ሲያይ ሥራው እንዳለቀ ሳይቆጥረው አልቀረም፤ የግዳጅ ትዕዛዝ በእጁ ይዟልና። በእኔ ግምት ኋላ የመጣውን ሁሉ የወለደው ይህ ትዕዛዝ ነው። ሕጉ የማስገደድ ሥልጣን የሰጠው ሰው ለማሳመን የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

በዚያው በ2002 ታላቁ ሼል ኢንተርፕራይዝ ኦይልን ገዛ። ከጋዙ 45 በመቶው የሼል፣ 36.5 በመቶው የኖርዌዩ ስታቶይል፣ 18.5 በመቶው የአሜሪካው ማራቶን ሆነ። ሥራውን የሚመራው ሼል ነው።

የሜዮ ምክር ቤት ማጣሪያውን በ2001 ፈቅዶ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ይግባኝ አሉ። ቦርዱ በባሊና ከተማ ረጅም የቃል ክርክር አስቻለ። ነገሩን የመረመሩት የቦርዱ ከፍተኛ ኢንስፔክተር ኬቨን ሙር ናቸው። ሪፖርታቸው የፒቱን አለመረጋጋት ብቻ አላነሣም፤ ቦታው ከስትራቴጂ፣ ከክልል ልማትና ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ሁሉ የተሳሳተ ምርጫ ነው የሚል ነበር። ቦርዱ በኤፕሪል 2003 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ፤ በውሳኔው ላይ የጻፈው ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው፣ የተቆፈረው ፒት ይናዳል የሚለው ስጋት። ይህ ልዩነት በጊዜው የወረቀት ጉዳይ ይመስል ነበር። ኢንስፔክተሩ ቦታውን ነቅፈዋል፤ ቦርዱ የነቀፈው አፈሩን ነው። አፈርን ደግሞ ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻላል።

ኩባንያው ያደረገውም ይህንኑ ነው። በሴፕቴምበር 2003 የሼል ከፍተኛ ኃላፊዎች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ በርቲ አኸርን ጋር ተገናኙ። በዚያው ወር፣ በ19ኛው ቀን ሌሊት፣ ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ከማጣሪያው ቦታ ብዙም የማይርቀው የዱንካርተን ተራራ ተናደ። ፒቱ ድልድይና መንገድ ጠረገ፣ የፖላቶማስን መቃብር አፈራርሶ አስከሬን ወደ ባሕር ወሰደ፣ ቤተሰቦች ከቤታቸው ወጡ። ሰው አልሞተም። ክርክሩን ባሊና ተቀምጦ የሰማ ሁሉ ስለ ፒት መናድ የተነገረውን በዓይኑ አየ። በዲሴምበር ሼል አዲስ ማመልከቻ አስገባ፤ 450 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ፒት ከቤላናቦይ ተቆፍሮ በመኪና ወደ ስራሞር እንዲጓጓዝ የሚል። ምክር ቤቱ በኤፕሪል 2004፣ ቦርዱም በኦክቶበር ፈቀዱ። ኢንስፔክተሩ ስለ ቦታው ያነሡት ነገር ሳይመለስ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ትኩረቱ ወደ ቧንቧው ዞረ፤ ስለ ቧንቧው በዝርዝር ማውራት ተገቢ ነው። ወርዱ 20 ኢንች፣ የብረቱ ውፍረት 27 ሚሊ ሜትር፤ እንዲችል የተሠራው ግፊት እስከ 345 ባር። የአየርላንድ ዋና ዋና የጋዝ ማስተላለፊያ መስመሮች የሚሠሩት ከ85 ባር ባልበለጠ ግፊት ነው። መሐንዲሶቹ፣ ብረቱ በጣም ወፍራም ነው፣ በተግባርም ያን ያህል ግፊት አይደርስበትም ይሉ ነበር። እንደ ብረቱ ስሌት ከሆነ አልተሳሳቱም። ነዋሪዎቹ ግን ቀላል ጥያቄዎች ነበሯቸው። ለማእድ ቤት የሚሸጠው ጋዝ ሲፈስ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል፤ ጥሬው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ታዲያ ሌሊት ቢፈስ በምን እናውቃለን? መንደሩ መውጫው አንድ መንገድ ነው፤ ቧንቧው ከመንገዱ አጠገብ ቢፈነዳ በየት እንወጣለን? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚንሸራተት መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት ምን ይሆናል? ኩባንያው ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ዝርዝር ጥናትና የሚያምር ብሮሹር ነበር። ጥያቄውን የሚያነሡት ሰዎች ስለማያውቁ ይፈራሉ፣ ቢያውቁ ይረጋጋሉ ከሚል እምነት የተነሣ ይመስላል። እነሱ ግን ዕለት ዕለት ሰነዱን ያገላብጡ ነበር፤ ከመካከላቸው ሚሃል ኦ ሸይን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ አንድም ገጽ ሳያነቡ አያልፉም ነበር።

በ2005 መጀመሪያ የሼል ሠራተኞች የግዳጅ ትዕዛዙን ይዘው ወደ ሮስፖርት እርሻዎች መጡ። ባለመሬቶቹ በራቸው ላይ ቆመው አናስገባም አሉ። ኩባንያው በኤፕሪል ከከፍተኛው ፍርድ ቤት እግድ አወጣባቸው፤ ሠራተኞቹን እንዳይከለክሉ። እነሱም መከልከላቸውን ቀጠሉ። ጁን 29 ቀን የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ጆሴፍ ፊኔገን አምስቱን ችሎት በመድፈር ወደ እስር ቤት ላኩ፦ ዊሊ ኮርደፍ፣ ወንድማማቾቹ ፊሊፕና ቪንሰንት ማግራ፣ ብሬንደን ፊልቢንና ሚሃል ኦ ሸይን። ገበሬዎችና መምህራን ናቸው። የእስራቱ ጊዜ አልተወሰነም፤ እግዱን እናከብራለን ባሉበት ቀን ይፈታሉ። አላሉም።

እዚህ ላይ ኩባንያው በሕግ አሸንፎ በሁሉም ሌላ ነገር ተሸነፈ። በመላው አገሪቱ ሰዎች የሼልና የስታቶይል ነዳጅ ማደያዎች ፊት ቆመው መኪና መመለስ ጀመሩ። ከሜዮ ውጪ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ሮስፖርት የየቤቱ ወሬ ሆነ። በጁላይ ደግሞ ሼል ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ በየዳ አያይዞ መገኘቱ ታወቀ፤ ሚኒስትሩ ኖኤል ዴምፕሲ እንዲፈታ አዘዙ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጥሰዋል ተብለው ገበሬዎች በታሰሩበት ወቅት፣ ያሳሰራቸው ኩባንያ የራሱን የፈቃድ ገደብ አልፎ ተገኘ። አምስቱ ከ94 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ተፈቱ። ያስፈታቸው የእነሱ ይቅርታ አልነበረም፤ ሼል ራሱ እግዱ እንዲነሣ ፍርድ ቤቱን ጠየቀ።

በኖቬምበር የቤላናቦይ ተቃዋሚዎች የማጣሪያው መግቢያ አጠገብ ዘጠኝ ነጭ መስቀሎች ተከሉ፤ ሼልን ሲቃወሙ ቆይተው በ1995 በናይጄሪያ ለተሰቀሉት ለኬን ሳሮ-ዊዋና ለስምንቱ የኦጎኒ ባልደረቦቹ መታሰቢያ። ግንኙነቱ የመፈክር ብቻ አልነበረም። ናይጄሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ አየርላንዳዊት መነኩሲት፣ ሲስተር ማጄላ መካረን፣ ሳሮ-ዊዋ ከወታደር እስር ቤት በምስጢር ይጽፋቸው የነበሩ ደብዳቤዎች ተቀባይ ነበሩ፤ አገራቸው ተመልሰው ከሮስፖርት ሰዎች ጎን ቆሙ። የኦጎኒን መከራ ከኤሪስ ጋር እኩል ማድረግ ለኦጎኒ ሰዎች ፍትሐዊ አይሆንም፤ እዚያ ሰው ተገድሏል፣ ወንዝ በዘይት ተበክሏል። ነገር ግን የሜዮ ገበሬ ስለ ሼል ለማወቅ መጀመሪያ ያነበበው የአፍሪካን ታሪክ ነው፤ ኩባንያው በብሮሹር ሊያጠፋው ያልቻለውም ይህንን ነው።

የአምስቱ መታሰር አንድ ነገር ከፈተ፤ እውነተኛ የሚመስል ንግግር። መንግሥት አድቫንቲካ የተባለ ድርጅት የቧንቧውን ደኅንነት እንዲመረምር አደረገ፤ የአገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ፒተር ካስልስ ደግሞ ለሽምግልና ተሾሙ። የመርማሪዎቹ ምክር በ2006 ወጣ፤ የብስ ላይ ያለው የቧንቧው ክፍል ግፊት ከ144 ባር እንዳይበልጥ ተብሎ። አላዋቂዎች ይፈራሉ ከተባለበት ቁጥር ከግማሽ በታች ነው። ካስልስ በጁላይ ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ፣ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙ እንደማይችሉ ጻፉ። አንደኛው ወገን ማጣሪያው ከዚህ ይነሣ ይላል፤ ሁለተኛው በዚህ ላይ አይነጋገርም። ከዚህ ወዲያ ሸምጋዩ የሚሸመግሉት ነገር አልነበረም። ስለዚህ የቻሉትን መከሩ፦ ቧንቧው ከሮስፖርት ቤቶች እንዲርቅ፣ ግፊቱ እንዲወሰን፣ ለአካባቢው የልማት ገንዘብ እንዲመደብ። ሼል ተቀበለ። አዲስ መስመር የሚያጠና አማካሪ ቀጥሮ በየአዳራሹ ሕዝብ ሰበሰበ፣ አማራጭ መስመሮችን ካርታ ላይ አቀረበ። ሰዉ መስመሮቹን አየ። ሁሉም የሚያልቁት ቤላናቦይ ላይ ነው።

ለኩባንያውም ፍትሐዊ ለመሆን፣ በኤሪስ ፕሮጀክቱን ከልቡ የሚደግፍ ብዙ ሰው ነበር። አካባቢው ሥራ ተርቧል፤ ግንባታው ሲፋፋም ከሺህ በላይ ሰው ቀጥሯል። አየርላንድ የምትጠቀመው ጋዝ አብዛኛው ከብሪታንያ በቧንቧ የሚመጣ ነበርና የራስ ጋዝ ማግኘት ትንሽ ነገር አልነበረም። ነገር ግን የራስ ጋዝ የሚለውን ቃል የሚከራከሩትም ነበሩ። በ1987 ሚኒስትር ሬይ በርክ ከባሕር ነዳጅ የሚከፈለውን የመንግሥት ሮያሊቲ አንሥተዋል፤ በ1992 በርቲ አኸርን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ግብሩ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ትግሉ ሁለት ጅረት ሆነ። የመንደሩ ሰው ስለ ሕይወቱ፣ ከዱብሊንና ከሌላም የመጡት ስለ አገሪቱ ሀብት። አንዳንዴ ተደጋገፉ፣ አንዳንዴም የመንደሩ ጥያቄ በትልቁ መፈክር ተዋጠ።

ነዋሪዎቹ ከ2005 ክረምት ጀምረው የቤላናቦይን በር ዘግተው ነበር። በኦክቶበር 3 ቀን 2006 ማለዳ ከ150 በላይ ፖሊሶች መጥተው መንገዱን አስከፈቱ፤ ሥራው ቀጠለ። በኖቬምበር 10፣ የሳሮ-ዊዋ ሙት ዓመት በሚታሰብበት ቀን፣ ፖሊስና ሰልፈኛ ተጋጭተው ሰው ተጎዳ። ለዚህ አንድ ፕሮጀክት ጥበቃ መንግሥት በጠቅላላ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቷል። ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ልጅ ያሳደገ፣ ቀብር የቆመ፣ ኳስ የተጫወተ ሰው በመንገዱ ጠርዝ ላይ ተጎትቶ ሲወረወር፣ ጉዳዩ የቧንቧ መሆኑ አበቃ። ሪስታርድ ኦ ዶናል በ2010 ያወጣው «ዘ ፓይፕ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ከሁሉ አስበልጦ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ ተቃዋሚዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይቀር እንዴት እንደተናከሱ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የ2007 ነገር ነው። የአካባቢው የኪልኮመን ደብር ሦስት ካህናት በኖቬምበር አንድ የሽምግልና ሐሳብ ይዘው ቀረቡ፤ ማጣሪያው ባሕር ላይ ይሁን የሚለው የሕዝቡ ጥያቄ ይቅር፣ ኩባንያውም ቤላናቦይን ይተው፣ ማጣሪያው ሰው በማይኖርበት በግሊንስክ ዳርቻ ይሠራ። ከነዋሪዎቹ ከፊሉ ፖባል ሂል ሆማን የሚባል ማኅበር አቁሞ ሐሳቡን ደገፈ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እስር ቤት ድረስ ከሄደ አቋም መውረድ ነው። አዲሱ የኢነርጂ ሚኒስትር ኤመን ራያን በተቃዋሚነት ዘመናቸው ከሮስፖርት ሰዎች ጎን የተሰለፉ የግሪን ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ከሚኒስትሩም ከኩባንያውም ተቀባይ አላገኘም። ማጣሪያው እየተገነባ ነው፣ ፈቃዱም ሕጋዊ ነው ተባለ። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ስለ ቦታው ግማሽ መንገድ የመጣበት ጊዜ ይህ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ከቆመበት አልተነሣም።

በባሕሩም በኩል ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ2008 ሼል ከኤሪስ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጋር በካሳ ተስማማ፤ ጥቂቶች፣ ከእነሱም ፓት ኦዶኔል፣ የሸርጣን ወጥመዳቸውን አናነሣም አሉ። በሴፕቴምበር ሶሊቴር የተባለችው 300 ሜትር ርዝመት ያላት ቧንቧ ዘርጊ መርከብ ስትመጣ፣ ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህርት ሞራ ሃሪንግተን መርከቧ ከውሃው እስክትወጣ እህል አልቀምስም ብለው ተቀመጡ። መርከቧ ተበላሽታ ለጥገና ሄደች፤ ሴትዮዋም በሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ቧንቧውን ዘረጋች። ኦዶኔል በ2010 ሰባት ወር ተፈርዶባቸው ታሰሩ።

ነገሩን በመጨረሻ የለወጠው መጀመሪያ ያልነበረው ችሎት ነው። በ2006 የወጣው የስትራቴጂክ መሠረተ ልማት ሕግ ቧንቧውንም ወደ አን ቦርድ ፕላናላ አመጣው። ከቤቶች 140 ሜትር የሚርቀው አዲሱ መስመር በ2009 በአደባባይ ተመረመረ፤ ነዋሪዎቹ፣ ያለ ጠበቃ የሚከራከሩትም ጭምር፣ የኩባንያውን ባለሙያዎች ለቀናት ጠየቁ። ቦርዱ በኖቬምበር ለሼል የጻፈው ደብዳቤ የሚያስደንቅ ነበር፤ ከመስመሩ 5.6 ኪሎ ሜትር ያህሉ በአጠገቡ ለሚኖሩ ሰዎች ተቀባይነት የሌለው አደጋ አለው፣ ኩባንያው በስሩዋዳኮን የባሕር ወሽመጥ ሥር መሄድን ያስብበት የሚል። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትፈሩት የነበረው ነገር ተገቢ ፍርሃት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያለው ደግሞ ተቃዋሚ ሳይሆን የመንግሥት ቦርድ ነው። ሼል እንደገና ነደፈው። በጃንዋሪ 2011 የጸደቀው መስመር ከወሽመጡ በታች በሚቆፈር 4.9 ኪሎ ሜትር ዋሻ ያልፋል፤ የግፊቱ ጣሪያ 100 ባር፣ ቅርቡ ቤት 234 ሜትር ርቀት ላይ።

345፣ ከዚያ 144፣ ከዚያ 100። ደግሞ 70፣ 140፣ 234። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ 100ንና 234ን፣ በ2002 ባሊና ላይ ያቀረበ የኩባንያ ሰው ቢኖር ኖሮ የሮስፖርት ሰው ይፈርም ነበር ብዬ አልምልም። እስር ቤት ግን የሚገባ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ቁጥር የተገኘው በንግግር አይደለም፤ ንግግሩ እንቢ ከተባለ በኋላ በእስር፣ በማደያ ፊት በቆመ ሰልፍ፣ በቦርድ ደብዳቤ ነው። ኩባንያው የሰጠው ሁሉ ተገዶ የሰጠው ስለሆነ፣ የተቀበለው ሰው አመስግኖ አልተቀበለውም።

በ2008 ፖባል ሂል ሆማን በሼል ላይ በአየርላንድና በኔዘርላንድስ መንግሥታት ሥር ላሉ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች አቤት ብሎ ነበር፤ እነዚህም ኦኢሲዲ የተባለው የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት አባል አገሮች በውጭ ስለሚሠሩ ኩባንያዎቻቸው ጠባይ ያወጡትን መመሪያ የሚከታተሉ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። መልሱ በ2010 መጣ። ኩባንያው ከ2005 በፊት ለውይይት የበለጠ ፈቃደኝነት ማሳየት ይችል ነበር ይላል፤ ከዚያ ወዲህ መሻሻሉንም ይመዘግባል። የማጣሪያውን ቦታ ስለ መለወጥ ግን ግንባታው ሊያልቅ ስለተቃረበ የሚታሰብ አይደለም። በ2000 ቦታው ተመርጧልና አይነሣም ነበር፤ በ2003 አፈሩ ይነሣል እንጂ ቦታው አይነሣም፤ በ2007 ግንባታ ላይ ነንና አይነሣም፤ በ2010 ሊያልቅ ነውና አይነሣም።

ዋሻው ተቆፍሮ በ2014 አለቀ፤ በቁፋሮው ላይ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ሠራተኛ ሕይወቱ አልፏል። ጋዙ ዲሴምበር 30 ቀን 2015 ፈሰሰ። በአንዳንድ ወቅት ከአየርላንድ የጋዝ ፍላጎት ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ነበር፤ የኮሪብ ጉድጓዶች ግን ከመጀመሪያው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 ዓመት የተገመተ ነው። ዊሊ ኮርደፍ በ2007 ጎልድማን የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀብለው ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። የፕሮጀክቱ የማኅበረሰብ ፈንድ ለትምህርት፣ ለስፖርት ሜዳና ለንግድ ገንዘብ ሰጥቷል፤ ከተቃዋሚ ቤተሰቦች መካከል አንድ ሳንቲም አንነካም ያሉ አሉ፣ የተቀበሉም አሉ።

ሼል በ2017 የ45 በመቶ ድርሻውን ለካናዳ የጡረታ ፈንድ እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ዋጋው እስከ 1.23 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። በኖቬምበር 2018 ሽያጩ ተፈጽሞ ከኮሪብ ወጣ፤ የማስኬዱን ሥራ ቨርሚሊየን የተባለው የካናዳ ኩባንያ ተረከበ። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2001 ፈቃድ በተጠየቀበት በዚያው በቤላናቦይ ጋዙን ያጣራሉ።